የእንግሊዝ የገበሬ ቤት በጥቀርሻው ይነበባል፦ ስለ ቤይሊፍ እንነጋገር

ማገርና_ቋሚ (ክሩን የከፈተ)፦

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ክፍል ስለ ቤት አሠራር በተነሣ ቁጥር ወሬያችን ወይ ቤተ መንግሥት ነው ወይ ካቴድራል። ለለውጥ ያህል የአንድ ገበሬ ቤት ይዤ መጥቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ ኋላ እንዳንጣላ።

ቤቱ ቤይሊፍ ይባላል። ዛሬ የቆመው በምዕራብ ሱሴክስ፣ ከቺቸስተር ወደ ሰሜን ወጣ ብላ በምትገኘው የሲንግልተን መንደር፣ ዊልድ ኤንድ ዳውንላንድ በሚባለው ሙዚየም ግቢ ነው። (እንግሊዝ ያላችሁ ግቢውን ስሙን ሳታውቁ በዓይን ታውቁታላችሁ፤ ሰው ያረጀ ዕቃውን ይዞ እየመጣ የሚያስጠግንበት የቢቢሲ ፕሮግራም የሚቀረጸው እዚያ ነው።) የተሠራው ግን ኬንት ውስጥ፣ ቺዲንግስቶን በተባለ ደብር ነው። በ1960ዎቹ ቦው ቢች ላይ የውኃ ማጠራቀሚያ ሊሠራ ሲታሰብ ከቦታው መነሣት ግድ ሆነበት፤ ሙዚየሙ እንጨት በእንጨት ፈታትቶ ወስዶ መልሶ አቆመው። ሙዚየሙን ያቋቋመው ሮይ አርምስትሮንግ የሚባል የታሪክ ሰው ነው፤ አዲሲቱ የክሮውሊ ከተማ ስትገነባ እንዲህ ያሉ ቤቶች ለማገዶ ሲዳረጉ አይቶ ሆዱ ያረረ ሰው።

ፊት ለፊት ቆሞ ላየው ቤቱ ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው። መሐሉ አዳራሽ ነው፤ ከወለሉ እስከ ጣራው ክፍት፣ ፎቅ የሌለው። ግራና ቀኙ ግን ፎቅና ምድር ናቸው፤ ፎቁም ከምድሩ ገፋ ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ አዳራሹ ወደ ኋላ የገባ ይመስላል። ጣራው ደግሞ ይህን ገባ ወጣ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከአዳራሹ ፊት አየር ላይ የሚቀረውን የጣራ ጠርዝ ከሁለቱም ጎን የወጡ ቆልመም ያሉ የኦክ ድጋፎች ተቀብለው ይይዙታል። ይህን ቅርፅ ባለሙያዎቹ «ዊልደን ቤት» ይሉታል፤ በብዛት የሚገኘውም ኬንትና ሱሴክስ ውስጥ ነው።

ከገባችሁ በኋላ አዳራሹ ራሱ ላይና ታች አለው። በታችኛው ጫፍ ሁለት በሮች ትይዩ ሆነው መተላለፊያ ይሠራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ትናንሽ ክፍሎች፣ አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለዳቦና ለደረቅ ስንቅ። የላይኛው ጫፍ የባለቤቱ ወገን ነው፤ ጠረጴዛው እዚያ ይዘረጋል፣ ከጀርባው የቤተሰቡ ክፍል አለ፣ ከላዩ ትልቁ መኝታ ቤት። መኝታ ቤቱ የራሱ ሽንት ቤት አለው፤ ከግድግዳው ውጭ የተንጠለጠለ ሣጥን ነው፣ ከሥሩ ጉድጓድ። መስኮቶቹ መስተዋት የላቸውም። የኦክ ዘንጎች ጠርዛቸውን ወደ ውጭ አዙረው ተደርድረዋል፤ ብርድ ሲበረታ ከውስጥ የእንጨት መዝጊያ ይገፋል፣ በቃ። መስተዋት በዚያ ዘመን እንደ አልጋና እንደ ድስት ተነቃይ ንብረት ነበር፤ ሰው በኑዛዜው ለልጁ ያወርሰዋል።

ምድጃውስ? አዳራሹ መሐል፣ መሬት ላይ። ጭስ ማውጫ የሚባል ነገር የለም። ጭሱ ወደ ጣራው ወጥቶ፣ እዚያ ተኝቶ፣ በክዳኑ ሽንቁር እየሾለከ ይወጣል። አንጋጣችሁ ወራጆቹን ስታዩ ጥቀርሻው የተቀባ ሳይሆን የበቀለ ይመስላል፤ እንጨቱ ከእንጨትነት ወጥቶ እንደ ሬንጅ ያብለጨልጫል።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። የድሮ የእንግሊዝ የገጠር ቤት ዕድሜውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ፊቱን ተዉትና ጣራ ሥሩን እዩ። በጡብ ተለብጦ፣ ትልልቅ መስተዋት ገብቶለት «የ1700ዎቹ ቤት» የሚባል ስንት አለ፤ ኮርኒሱ ላይ ወጥታችሁ ባትሪ ስታበሩ ወራጆቹ ከሰል መስለው ይጠብቋችኋል። እንደዚያ ከሆነ ቤቱ ጭስ ማውጫ ሳይኖረው የኖረበት ዘመን አለ። ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ እሳቱ መሐል ወለል ላይ ነበር። ቀጥሎ አንዱን ጠባብ የቤቱን ክፋይ ለጭስ ብቻ ለቀቁለት። ከዚያ የጡብ ጭስ ማውጫ ተተከለ። ጭሱ መንገድ ካገኘ በኋላ አዳራሹ እስከ ጣራ ክፍት ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት አልነበረም፤ መሐሉ ላይ ወለል ተዘርግቶ ፎቅ ሆነ። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ መሐሉን ፎቅ ያደረገው ሀብት ብቻ አይደለም፣ የእሳቱ ከመሐል መነሣት ነው።

በ1577 የታተመ ምስክርነት አለን። ዊልያም ሃሪሰን የሚባል፣ ኤሴክስ ውስጥ የራድዊንተር ቄስ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች በዕድሜያቸው እጅግ ተለወጠ ያሉትን ሦስት ነገር ጽፏል። አንደኛው የጭስ ማውጫ መብዛት ነው፤ ድሮ በአንድ መንደር ሁለት ሦስት ቢገኝ ነው ይሉታል። ሁለተኛው መኝታ፦ እነሱ በገለባ ላይ ተኝተው ግንድ ተንተርሰው ነው ያደጉት። ሦስተኛው ከእንጨት ሳህን ወደ ቆርቆሮ መሰል ብረት ሳህን መሻገር። ከመቶ ዓመት ያነሰ ጊዜ ቆይቶ መንግሥት ራሱ በምድጃ ቁጥር ግብር መጣል ጀመረ፤ ከ1662 እስከ 1689፣ በአንድ ምድጃ በዓመት 2 ሺሊንግ። የጭስ ማውጫው መስፋፋት ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ገምቱ።

ያያችሁት ካላችሁ ጻፉ። ጥያቄም ይምጣ።


ፀደይ፦

በስመ አብ! እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው፣ አላየሁትም፤ ግን ሁለት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ ቤት እንዴት ነው ተፈትቶ የሚገጠመው? ግድግዳው አይፈራርስም? ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ገበሬ ነው ትላለህ፤ ገበሬ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሽንት ቤት ያለው ባለፎቅ ቤት በ1400ዎቹ ከየት አመጣ? መኳንንት ሳይሆን አይቀርም።


የኬንት_አናጢ፦

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ፣ እንጀራዬ ስለሆነ። የምሠራው የድሮ የኦክ ቤቶች ጥገና ላይ ነው።

ፀደይ፣ ቤቱን የሚይዘው ግድግዳው አይደለም። ቤቱ አጽም ነው። ቋሚው፣ አግዳሚው፣ ድጋፉ፣ ወራጁ ሁሉ ወንዴና ሴቴ ሆኖ ተጋጥሞ፣ በዚያ ላይ ተሰርስሮ የእንጨት ችንካር ገብቶበታል። ዋናው አጽም ላይ የብረት ምስማር አታገኚም። በቋሚዎቹ መሐል የምታዪው ሙሊት ብቻ ነው፤ የኦክ በትር ይቆማል፣ የሄዘል ቀጫጭን ቅርንጫፍ ይሸመንበታል፣ ከዚያ ጭቃ ከጭድና ከእበት ጋር ተቦክቶ ይመረጋል፣ በላዩ ኖራ። እኛ አገር ቤት መምረግ ያየ ሰው ይህን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ሙሊቱ ቢፈርስም አጽሙ ይቆማል።

አናጢዎቹ ቤቱን መጀመሪያ መሬት ላይ አጋድመው ነው የሚገጥሙት። አንዱ እንጨት ከሌላው ጋር እየተለካ እየተጠረበ ነው የሚሠራው፤ ይህ ወንዴ ለዚያ ሴቴ ብቻ ነው፣ ለሌላ አይገባም። ስለዚህ እንዳይምታታ መጋጠሚያው ላይ በመሮ ምልክት ይጭራሉ፦ እንደ ሮማውያን ቁጥር ያለ፣ አንድ ሰረዝ፣ ሁለት ሰረዝ፣ መስቀል፣ ቪ። ከዚያ ይፈቱታል፣ በጋሪ ወደ ቦታው ይጭኑታል፣ በምልክቱ መሠረት ያቆሙታል። እንግዲህ ቤቱ ገና ሲወለድ አንድ ጊዜ ተፈትቶ ተገጥሟል ማለት ነው። ሙዚየሙ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ያደረገው ያንኑ ነው። እነዚያን ጭረቶች በእጄ ዳስሻቸው አውቃለሁ፤ ጫፉ ላይ መሮው ሲነሣ ያፈነገጠው ስንጥር ሳይቀር አለ።

ሌላ ነገር። እንጨቱ ሲሠራበት እርጥብ ነው። የደረቀ ኦክ ብረት ነው፣ መሮ አያስገባም። እርጥቡን ጠርበው ያቆሙታል፤ ከዚያ እዚያው ቤት ሆኖ ዓመታት ሲደርቅ ይሸመቀቃል፣ መጋጠሚያው ይጠብቃል፣ ደግሞም ይጣመማል። የድሮ ቤት ወለል ላይ ኳስ ስታስቀምጡ የሚንከባለለው ቤቱ ሊወድቅ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የተጣመመው ከተሠራ በኋላ ባሉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ቆሟል።


ማገርና_ቋሚ፦

አናጢው ጨርሶታል። ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልሂድ።

መኳንንት አይደሉም። በ1348 እና 1349 ጥቁሩ ሞት እንግሊዝን መታት፤ ከሕዝቡ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው አለቀ። ለተረፈው ገበሬ ግን ጉልበት ውድ ሆነ፣ መሬት ረከሰ። ጌቶች ሕግ አውጥተው የጉልበት ዋጋ በድሮው እንዲቆም ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ትውልዶች የሰፋ እርሻ የያዘ፣ የራሱ ሎሌ ያለው፣ ግን መኳንንት ያልሆነ ገበሬ በረከተ። እንግሊዞቹ ዮማን የሚሉት ይህን ነው። ቤይሊፍ የዚህ ሰው ዓይነት ቤት ነው። ከሁሉ የቆየው ክፍሉ፣ አዳራሹና የታችኛው ጫፍ፣ ከ1405 እስከ 1430 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ የባለቤቱ ወገን የሆነው የላይኛው ጫፍ ደግሞ ከ1505 እስከ 1510 ባለው። በአንድ ጣራ ሥር የመቶ ዓመት ልዩነት።

ኬንት ለምን ከሌላው በለጠ ለሚለው አንዱ ምክንያት የውርስ ሕጉ ነው። በሌላው እንግሊዝ መሬት በአብዛኛው ለበኩር ልጅ ሲሄድ በኬንት ጋቭልካይንድ በሚሉት ልማድ ለወንዶች ልጆች እኩል ይከፈል ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በ1925 ነው። በዚያ ላይ የኬንት ገበሬ መሬቱን በነፃነት የመሸጥና የመለወጥ መብት ነበረው። ለንደን ቅርብ ናት፣ ገበያ አለ። የጨርቅ ሥራም፣ ብረት ማቅለጥም፣ እንጨትም በአካባቢው ነበር። መሬቱ ሲከፋፈል ድህነት ይመጣል ብለን እንጠብቃለን፤ እዚህ ግን ገዢና ሻጭ በዝቶ ከመሐሉ ብርቱው ተለየ።


ጋሽ_ተክሌ፦

ልጆቼ እግዜር ይስጣችሁ፣ ደስ የሚል ወግ ነው። እኔ ያደግሁት መንዝ ነው፤ እሳት መሐል ቤት፣ ጭስ በሣር ክዳኑ ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ ጉም የለበሰ ይመስል ነበር። ፈረንጅም እንዲህ ኖሯል ማለት ደስ ይላል። ግን የእናቶቻችን ዓይን በጭስ እንዴት እንደጠፋ አውቃለሁ። እነዚህስ አልታፈኑም ወይ? ከብቶቹስ የት ያድሩ ነበር? ስለ በረት ያነሣ የለም።


ማገርና_ቋሚ፦

ጋሽ ተክሌ፣ እንኳን መጡ። ጣራው ከፍ ያለው ለዚሁ ነው። ጭሱ ከሰው ራስ በላይ ወጥቶ ይተኛል፤ ሰው ደግሞ ዝቅ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። እርስዎ እንደሚያውቁት ደረቅ እንጨት ያነደደና እርጥብ ያነደደ አንድ አይደለም። ሙዚየሙ ቤይሊፍ ውስጥ እሳት ያነድዳል፣ ስለዚህ መገመት አያስፈልግም፤ ቁጭ ብሎ ላለ ሰው ይቻላል፣ ቆሞ ለሚሠራ ዓይን ይቆጠቁጣል። ፎቅ ላይ የሚተኛው ሰው ነገር ግን ያሳስባል። ሃሪሰን የጠቀሳቸው ሽማግሌዎችም ቢሆኑ ጭሱን አላማረሩም፤ ጭስ እንጨቱንም ቤተሰቡንም ያጠነክራል እየተባለ ነበር፣ ሰው ጉንፋን የሚያማርረው ጭስ ማውጫ ከበዛ ወዲህ ነው ዓይነት አስተያየት ጽፏል።

ስለ ከብት፦ በኬንት በረቱ ለብቻው ነው። ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩት በምዕራብ፣ በዴቨን ነው። ዳርትሙር ላይ ረዣዥም የድንጋይ ቤቶች አሉ፤ በተመሳሳይ በር ይገባል፣ ሰው ወደ ላይ፣ ከብት ወደ ታች ይዞራል። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ከብቱ በዝቅተኛው በኩል ሆኖ መሐል ወለሉ ላይ ቦይ ተቆፍሮለታል፣ ሽንቱ በግድግዳው ቀዳዳ ይወጣል። ሃየር አፓኮት የሚባለው ቤት የከብት ወገኑ ብዙ ሳይነካ ቆይቷል።

እርስዎ ሣር ክዳን ስላነሡ፣ ከሁሉ የሚገርመኝን ልጨምር። ዴቨን ውስጥ ሣር ክዳን ሲታደስ አሮጌው አይነሣም ነበር፤ በላዩ አዲስ ይደረባል። ስለዚህ የታችኛው ንብርብር መሐል ቤት እሳት የነደደበት ዘመን ስንዴና አጃ ገለባ ሆኖ በጥቀርሻ ተለብጦ እስከ ዛሬ አለ፤ አገዳው፣ ዛላው፣ ከእህሉ ጋር የታጨደው አረም ሳይቀር። ጆን ሌትስ የሚባል ተመራማሪ ከእነዚህ ጣራዎች ናሙና ወስዶ የመካከለኛው ዘመን ገበሬ ምን ዓይነት ስንዴ ይዘራ እንደነበር አጥንቷል። ዛላው ቁመቱ የተለያየ፣ ዝርያው የተደበላለቀ ነው፤ እንደ ዛሬው አንድ ወጥ አይደለም።


ጋሽ_ተክሌ፦

ተባረክ። ሰርገኛ ስንዴ በል እንግዲህ! እኛም እንደዚያ ነበር የምንዘራው፤ አንዱ ውርጭ ቢመታው ሌላው ይተርፋል።


ጠያቂው፦

ደስታችሁን ላበላሽ። ይህ ቤይሊፍ የምትሉት ቤት የትኛው ቤት ነው? ከቦታው ተነቅሏል። ኬንት ውስጥ ሳለ ጭስ ማውጫ ነበረው፣ አዳራሹም ፎቅ ገብቶለት ነበር፤ ሙዚየሙ ሁለቱንም አውጥቶ ጥሎ ወደ «ድሮው» መለሰው። ዕቃውም ለ1540 ገደማ ተብሎ አዲስ የተሠራ ነው፤ አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ሣጥኑ። ማለትም ከ1540 በኋላ እዚያ የኖሩ የትውልድ ትውልድ ሰዎች ሥራ ተፍቋል። ዊልያም ሞሪስ በ1877 የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን የመሠረተው ይህን ለመቃወም ነው፤ በእሱ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሁሉ «ወደ ጥንቱ እንመልሰው» እየተባለ ታሪኩ ሲፋቅ ነበር። ጠግን፣ አትመልስ ነው መርሑ። ማገርና_ቋሚ ራሱ «ቤት በንብርብሩ ይነበባል» ይለናል፣ ከዚያ ንብርብሩ የተላጠበትን ቤት ያሳየናል።


ማገርና_ቋሚ፦

ጠያቂው፣ ጥሩ አነሣህ፤ ግማሹን እቀበላለሁ። ቤይሊፍ ቦታው ላይ ቢቀር ኖሮ ጭስ ማውጫውን ማፍረስ ወንጀል ነው እል ነበር። ምርጫው ግን ያ አልነበረም፤ ምርጫው መፍረስና መነሣት ነበር። እንጨት በእንጨት የተፈታ ቤት ደግሞ ጡቡም ጭቃውም አብሮት አይሄድም፤ ሄዶ የሚቆመው አጽሙ ነው፣ አጽሙም የ1400ዎቹና የ1500ዎቹ መጀመሪያ ነው። እስከ ጣራ ክፍት የሆነ አዳራሽ ውስጥ፣ እሳት እየነደደ፣ ቆሞ የማየት ዕድል ያለበት የገበሬ ቤት አገሩን ብትዞር በጣት የሚቆጠር ነው። ሌሎቹ ሁሉ ፎቅ ገብቶባቸዋል። ንብርብር ያላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች አሉ፤ አንዱ ቢላጥ ለሌሎቹ ማንበቢያ ይሆናል። ዕቃው አዲስ መሆኑን ደግሞ ሙዚየሙ አልደበቀም። የዘመኑ ሰው ሲሞት ንብረቱ ክፍል በክፍል ይመዘገብ ነበር፤ በአዳራሹ ይህ፣ በመኝታ ቤቱ ያ እየተባለ። ዕቃዎቹ ከእንደዚህ ያሉ መዛግብት ተነሥተው የተሠሩ ናቸው፣ ከምናብ አይደለም።


የኬንት_አናጢ፦

እኔ ወደ ጠያቂው አደላለሁ፣ በአንድ ምክንያት። ሰው ቤይሊፍን አይቶ ይመጣና የራሱን ቤት «እንደዚያ አድርግልኝ» ይላል። ኮርኒሱን አፍርስ፣ ልስኑን ላጥ፣ እንጨቱን አውጣው። ልስኑ ሦስት መቶ ዓመት የቆየ ይሆናል! እሱ ግን ቆሻሻ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ የተላጠ አይመለስም። ሙዚየሙ ያደረገው ለሙዚየም ልክ ነው፣ ለመኖሪያ ቤት ምሳሌ ሲሆን ግን ጉዳት አለው።


ሳሌም_ሱፎክ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴ ጋር ሱፎክ ገጠር ውስጥ አሮጌ ቤት ተከራይተን እንኖራለን፤ ነጭ ግድግዳ ጥቁር እንጨት። አከራያችን እንጨቱ ከድሮ የጦር መርከብ የተነቀለ ነው ብሎ ነገረን፤ እውነትም ምንም የማይገባባቸው ባዶ ቀዳዳዎች ሞልተውበታል። እውነት ነው? ሌላው፣ በአንድ በኩል ያለው ግድግዳ ከታች ይረጥባል። ከእኛ በፊት የሆነ ግንበኛ መጥቶ ውጭውን በሲሚንቶ «አጠንክሮት» ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ ባሰ እንጂ አልተሻለም። ማታ ማታ ደግሞ ከእንጨቱ ውስጥ ቋ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማናል። ባለቤቴ ጸበል እንርጭ ትላለች።


የኬንት_አናጢ፦

ወንድሜ ሳሌም፣ ጸበሉን እርጩ፣ ግን ሲሚንቶውንም አስነቅሉ። አንድ በአንድ ልምጣ።

መርከቡ ተረት ነው። በሄድኩበት ቤት ሁሉ ይነገረኛል፣ ባሕር በማይታይበት አገር ሳይቀር። ባዶዎቹ ቀዳዳዎች ድሮ ግድግዳ ወይም ድጋፍ የነበረባቸው ናቸው፤ ክፍሉ ሲለወጥ እንጨቱ ወጣ፣ ቀዳዳው ቀረ። አለዚያም ከሌላ ከፈረሰ ቤት የመጣ እንጨት ነው፤ ኦክ ማንም አይጥልም። በአግዳሚዎቹ እንጨቶች የታች ገጽ ላይ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች ካየህ የግድግዳው በትሮች የገቡባቸው ናቸው። ስለ ጫካ ታሪክ እንደ ኦሊቨር ራካም የጻፈ የለም፤ እሱ የአንድ የሱፎክ የገበሬ ቤት እንጨት ቆጥሮ ከ300 በላይ ዛፍ ነው ያገኘው፣ አብዛኞቹ ቀጫጭን። ግዙፍ ዛፍ አልነበረም የሚፈለገው። ለቤቱ ውፍረት የሚበቃ ወጣት ዛፍ ተቆርጦ ይጠረባል፤ ለዚህ ነው በቋሚው ጠርዝ ላይ የቅርፊት ቅሪት የምታየው።

ጥቁሩ ቀለምም በአብዛኛው የኋላ ሰዎች ፋሽን ነው፤ በዚህ በደቡብና በምሥራቅ በኩል ኦኩ በራሱ አመድማ ሆኖ ይተዋል፣ ወይም እንጨቱም ሙሊቱም አብሮ በኖራ ይቀባል።

እርጥበቱ ግን ቀልድ አይደለም። ኖራና ጭቃ ይጠጣል፣ ይተነፍሳል። ዝናብ ይገባል፣ ነፋስ ሲመጣ ይወጣል። ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፤ እንጨቱ ይንቀሳቀሳል እሱ አይንቀሳቀስም። በፀጉር ስንጥቅ ውኃ ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ግድግዳው ግርጌ ያለው ተኝቶ ቤቱን የተሸከመው እንጨት ላይ ይጠራቀማል። ከስድስት መቶ ዓመት የተረፈ እንጨት በሲሚንቶ ሥር በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሲበሰብስ አይቻለሁ፤ በጠመንጃ መፍቻ ስትወጋው እንደ ቂጣ ይገባል። ያ የምትሰሙት ድምፅ በጸደይ ወራት ከሆነ የሞት ሰዓት የሚሉት ጥንዚዛ ነው፤ ወንዱ ለሴቷ ራሱን ከእንጨቱ ጋር እያጋጨ ይጠራታል። የሚወደው ደግሞ የረጠበ ኦክ ነው። ግድግዳው ሲደርቅ እሱም ይሄዳል፤ መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት እርጥበቱን አስቁሙ።

ራሳችሁ ግን አትነካኩት። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ መሆኑ አይቀርም፤ ከ1700 በፊት ተሠርቶ ቅርፁን ይዞ የቆየ ቤት ማለት ይቻላል ሁሉ ይመዘገባል። ከተመዘገቡት ከመቶ ዘጠናው በላይ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ውስጥ ነው፣ ግን ደረጃው ዝቅ አለ ብሎ መዘናጋት የለም። ያለ አካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ባሕርዩን የሚለውጥ ነገር ማድረግ በወንጀል ያስጠይቃል፣ እስራት ሳይቀር አለው። ለአከራያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የጥበቃ ባለሙያ ከምክር ቤቱ እንዲመጣ ጠይቁ።


ሳሌም_ሱፎክ፦

እግዜር ይስጥልን ወንድም። የሞት ሰዓት የሚለውን ስም ለባለቤቴ አልነግራትም።


ፀደይ፦

ጸበል ሲነሣ ትዝ አለኝ። እነዚህ ሰዎችስ ክፉ መንፈስ አይፈሩም ነበር? የሆነ ቦታ ጭስ ማውጫ ውስጥ ጫማ ተገኘ የሚል አንብቤ ነበር።


ማገርና_ቋሚ፦

ይፈሩ ነበር እንጂ። ጭስ ማውጫ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ብቸኛው መግቢያ ነው፤ በር ይዘጋል፣ መስኮት ይዘጋል፣ እሱ አይዘጋም። አሮጌ ያለቀ ጫማ፣ ብዙውን ጊዜ የአንድ እግር ብቻ፣ አንዳንዴም የሕፃን፣ በጭስ ማውጫው ጎን ተሸጉጦ ይገኛል። ለምን እንዳስቀመጡት በዘመኑ የጻፈ ሰው ማግኘት ስለማይቻል ትርጉሙ ግምት ነው፤ ግን ግኝቱ የበዛ ስለሆነ የጫማ ከተማ በነበረችው ኖርዛምፕተን ያለው ሙዚየም መዝገብ ይዞለታል። በዚያ ላይ ምድጃው ላይ ባለው አግዳሚ እንጨት በኮምፓስ የተነቀሰ ባለስድስት ቅጠል አበባ፣ ሁለት ተያያዥ ቪ፣ እንዲሁም የእንባ ቅርፅ ያለው የተቃጠለ ነጥብ ይታያል። ያ ነጥብ ሻማ ወድቆ ያቃጠለው ነው ይባል ነበር፤ የሞከሩት ሰዎች ነበልባሉን ሆን ብለህ ካላዘነበልክና ደጋግመህ ካልፋቅህ እንደዚያ ጥልቅ ሆኖ እንደማይወጣ አሳይተዋል።


አወያይ፦

የቤት ኪራይ ክርክር የያዙ መልሶችን ወደ ሌላ ክር አዛውሬያለሁ። እዚህ ስለ ቤቱ እንቀጥል።


ጠያቂው፦

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ከ1405 እስከ 1430 የሚለው ከየት መጣ? ሰነድ አለ? ወይስ ባለሙያ በዓይኑ አይቶ የገመተው ነው? ደግሞም ይህ «ታላቅ ዳግም ግንባታ» የሚሉት፣ ሆስኪንስ የሚባል የታሪክ ምሁር በ1953 ያመጣው፣ ከ1570 እስከ 1640 አገሩ ሁሉ ቤቱን አደሰ የሚለው ነገር፣ በኋላ ማቺን የሚባለው ሰው በ1977 ነቅፎታል፤ ቤት ላይ የተቀረጹ ዓመቶችን ቆጥሮ ጫፉ ወደ 1700 ይጠጋል ብሏል። ስለዚህ ጭስ ማውጫው ሁሉ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን መጣ አይባልም።


የኬንት_አናጢ፦

በሁለተኛው ትክክል ነህ፤ ሁሉም ቦታ አንድ ጊዜ አልሆነም። ኬንት ቀድማለች፣ ሰሜኑ ዘግይቷል። እኔ በምሠራበት አካባቢ የ1500ዎቹ መጨረሻ ጡብ ነው የማገኘው፣ ወደ ላንካሸር የሚሠራ ባልደረባዬ ግን የ1600ዎቹ መጨረሻ ይለኛል።

ስለ ዓመቱ፦ ከእንጨቱ ነው የሚነበበው። ኦክ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ ጥሩ ዓመት ከሆነ ሰፊ፣ ድርቅ ከሆነ ቀጭን። የቀለበቶቹ ቅደም ተከተል እንደ አሻራ ነው። ባለሙያው ከጣት የቀጠነ ናሙና በመሰርሰሪያ ያወጣል፣ ቀለበቶቹን በአጉሊ መነጽር ይለካል፣ አስቀድሞ ዓመቱ ከታወቀ ረጅም ሰንሰለት ጋር ያመሳክራል። እዚህ ላይ የሚወስነው አናጢው እንጨቱን ምን ያህል እንደጠረበው ነው። ጠርዙ ላይ ቅርፊቱ የነበረበት ገጽ ከቀረ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት፣ አንዳንዴም የተቆረጠበት ወቅት ይታወቃል። ቅርፊቱ ሥር ያለው ለስላሳው እንጨት ተጠርቦ ከሄደ ግን ስንት ቀለበት እንደጎደለ በአማካይ ይሰላል፣ ያኔ አንድ ዓመት ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ የሚል መልስ ይመጣል። እንጨቱ እርጥቡን ስለሚሠራበት ደግሞ ዛፉ የወደቀበትና ቤቱ የቆመበት ጊዜ የሚራራቀው ቢበዛ በአንድ ሁለት ዓመት ነው። ቀለበቱ ከሃምሳ ያነሰ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ አይመሳከርም፤ ስለዚህ ሳሌም፣ አከራያችሁ ናሙና ይወሰድ ካለ መጀመሪያ ወፍራሙንና ቅርፊት የቀረበትን ቋሚ ፈልጉ፣ ያለዚያ ገንዘቡ ይባክናል።